ከወይን ሐረግ አመድ የወጣው ሳህን

የ2018 ዕንቁጣጣሽን በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ከምትኖረው ታላቅ እህቴ ጋር አከበርሁና፣ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ በተራሮቹ መካከል የሚጠማዘዘውን 17 ቁጥር አውራ ጎዳና ተሻግረን ለሥነ ጥበብና ለወይን በዓሉ ወደ ካፒቶላ ወረድን። ካፒቶላ በሞንቴሬይ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ላይ የተቀመጠች፣ የነዋሪዎቿ ቁጥር 10,000 የማይሞላ ከተማ ስትሆን፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 በድንኳን ሠፈርነት ከተቆረቆረች ጀምሮ እንግዳ ስትቀበል ኖራለች። በዚሁ አቆጣጠር በጥር 2023 ማዕበል መሐሉን ቆርጦት የነበረው የእንጨት መሻገሪያዋ ተጠግኖ፣ ዓሣ አጥማጆች ተደግፈውት ቆመው ነበር።

ወደ በዓሉ መግባት በነፃ ነው። ወይን መቅመስ የሚሻ ሰው ግን ዕድሜውን በመታወቂያ አሳይቶ የበዓሉ ምልክት የታተመበትን ብርጭቆና የመቅመሻ ቶከን ይገዛል። የሚቀዳለት ከብርጭቆው ግርጌ እምብዛም ከፍ ስለማይል፣ ጠጅ በብርሌ ሙሉ ሲቀርብ ያደገችው እህቴ «ይህን እንጠጣው ወይስ እናሽትተው?» ብላ አሳቀችኝ። ቀጂው ፈገግታዋን አይቶ ጥቂት ጨመረላት።

ወይኑ ሁሉ ከጀርባችን ካሉት የሳንታ ክሩዝ ተራሮች የመጣ ነው። አካባቢው በ1981 ራሱን የቻለ የወይን ምድር ተብሎ ሲታወቅ፣ ወሰኑ የተሰመረው የተራራውን ከፍታ መሠረት አድርጎ ነበር። ከዚሁ ሰንሰለት የተገኘው ሞንቴ ቤሎ የተባለው የ1971 ቀይ ወይን፣ የካሊፎርኒያና የፈረንሳይ ወይኖች በተወዳደሩበት በ1976ቱ የፓሪስ ውድድር ከቀዮቹ አምስተኛ ሲወጣ፣ ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያው ወይኖች እንደገና ሲቀመሱ አንደኛ ሆኗል። እኔ የቀመስሁት ፒኖ ኑዋር የሚባለው ቀይ ወይን ስሱና ኮምጠጥ ያለ ነበር፤ እህቴ ግን ማር እንደሚጎድለው አጥብቃ ተናገረች።

ከሥዕሎቹ መካከል የባሕር ሞገድና የፀሐይ መጥለቂያ እየተደጋገመ ስለሰለቸኝ ብዙ ሳልቆይ አለፍሁ። እግሬን የያዘው የአንዲት ሸክላ ሠሪ ድንኳን ነበር። ሴትየዋ በብርድ ወራት ከወይን እርሻ የሚገረዘውን ሐረግ አቃጥላ፣ አመዱን አጥባና ነፍታ ከአፈር ጋር በመበጥበጥ ሳህኖቿን ትቀባለች። በአመዱ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ፖታሲየም አሸዋማው አፈር በምድጃው ግለት እንዲቀልጥ ስለሚረዳው፣ ሳህኑ ሲወጣ አረንጓዴ የሚያጫውት፣ መስታወት መሰል ልባስ ይይዛል። የእኛ ጀበና ያለ ልባስ በጠጠር ተወልውሎ በግልጽ እሳት እንደሚተኮስ ስነግራት፣ ውኃ ያሰርግ እንደሆነ፣ ጥቁረቱም ከምን እንደሚመጣ ጠየቀችኝ። ስለ ጭሱ የማውቀውን ያህል መለስሁላት።

ሳህኑን ገልብጬ ሳየው ስሟ ከግርጌው ተቀርጿል። በአገራችን ጀበናውን በእጃቸው ያበጁ ሴቶች ስማቸውን የሚያኖሩበት ቦታ አልነበራቸውም፤ በብዙ ስፍራማ በሙያቸው ሲናቁ ኖረዋል፤ እኛም በጀበናቸው እየጠጣን ነው የናቅናቸው። ይህን ለሴትየዋ ማስረዳት ስለከበደኝ ዝም ብዬ ገንዘቡን ከፈልሁ።

ሲመሽ ሳን ሆዜ ተመልሰን ቡና አፈላን። እህቴ ያንን ሳህን ዕጣን ከሚጨስበት አጠገብ አስቀምጣ ፈንዲሻ ሞላችበት።