በመሀል የሚቆመው

አባቴ ቡና አቅራቢ ነበር። ከአጋሮ ዙሪያ ጀንፈል ይገዛል፣ ጅማ አምጥቶ ያስቀሽራል፣ አይሱዙ ጭኖ አዲስ አበባ ላለ ላኪ ይልካል። ያኔ ምርት ገበያ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም በመተማመን ነው። አንድ ዓመት ቡናውን የተረከበው ሰው "ሰኞ ና" አለው። ከዚያ ሌላ ሰኞ። ከዚያ ስልክ ማንሳት ተወ። የባሰው ግን የእኛ ኪሳራ አልነበረም። አባቴ ከጀንፈሉ ግማሹን ከገበሬዎቹ የወሰደው በዱቤ ስለነበር እሱም በተራው መክፈል አቃተው፣ እና ያ ማንንም የማይፈራ ሰውዬ የገበያ ቀን ሲደርስ ከቤት መውጣት ሲያፍር አስታውሳለሁ።

ይሄን ያነሳሁት ሰሞኑን ስለ ማዕከላዊ ተዋዋይ ሳነብ ስለከረምኩ ነው። ክሊሪንግ ሃውስም ይሉታል። ስሙ ይከብዳል እንጂ ሥራው ያኔ አባቴ ያጣው ነገር ነው።

ነስሩ ለተማም ሸጠ እንበል። ውሉ እንደተያዘ ለሁለት ይሰነጠቃል። ነስሩ ለመሀለኛው፣ ማለትም ለማዕከላዊ ተዋዋዩ እንደሸጠ፣ ተማም ደግሞ ከመሀለኛው እንደገዛ ይቆጠራል። ተማም ቢጠፋ ነስሩ ምን ቸገረው? ገንዘቡን ከመሀለኛው ይቀበላል። ተማም በሌላ በኩል የሸጠው ካለም ይቻቻልና ልዩነቱ ብቻ ይከፈላል።

መሀለኛውስ ከየት አምጥቶ ይከፍላል? እቁብ የጣለ ሰው መልሱን አያጣውም። እጣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ዋስ ካልጠራ ብሩ አይሰጠውም፣ ወስዶ ቢቀርስ? እዚህም ያው ነው፣ ዋሱ ሰው ሳይሆን ገንዘብ መሆኑ ነው ልዩነቱ። ገና ስትገባ መያዣ ታስይዛለህ፣ ማርጂን የሚሉት እሱን ነው። ከዚያ ዋጋው በየቀኑ ይታያል። በአንተ ላይ ከዞረ የጎደለውን ዛሬውኑ አምጣ ትባላለህ፣ ሰኞ ምናምን የለም። ካላመጣህ ውልህን ለሌላ ያስተላልፉና ኪሳራውን ከመያዣህ ይቆርጣሉ። እሱም ካልበቃ ተቋሙ ከራሱ የመደበው አለ፣ ከዚያ ደግሞ አባላቱ ሁሉ ያዋጡት የጋራ ቋት።

እኔን የገረመኝ ታሪኩ ነው። (ከዚህ በታች የፈረንጆቹን ዓመት ነው የምጠቀመው።) በአውሮፓ ይሄ አሠራር ቀድሞ ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ሌ ሃቭር የተባለ የፈረንሳይ ወደብ ነው፣ በ1882። የሚገበያዩት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ቡና! ሃምቡርግም በ1887 በቡና ተከተለች፣ ለንደን በ1888 በቡናና በስኳር። የቡና ነጋዴ ዕዳውን ሲክድ ያላየ ሰው ይሄን ነገር የሚፈጥረው አይመስለኝም።

ያ የለንደን ቤት ዛሬ ኤልሲኤች ይባላል። በመስከረም 2008 ሌማን ብራዘርስ የተባለው የአሜሪካ ባንክ ሲወድቅ በኤልሲኤች በኩል የ9 ትሪሊዮን ዶላር የወለድ ስዋፕ (ሁለት ወገኖች የወለድ ክፍያ የሚለዋወጡበት) ውል ነበረው። ቁጥሩ ውሎቹ የተሰሉበት መጠን ነው እንጂ ጥሬ ገንዘብ አይደለም፣ ቢሆንም ያስደነግጣል። ኤልሲኤች ያን ሁሉ ሦስት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ አራግፎ ጨረሰ። የፈጀውም ሌማን ካስያዘው ውስጥ ሲሶውን ገደማ ነው፣ የአባላቱ ቋት አልተነካም። የቡድን 20 መሪዎች በ2009 ፒትስበርግ ላይ ሲሰበሰቡ ደረጃ የወጣላቸው የዴሪቬቲቭ ውሎች (ዋጋቸው ከሌላ ነገር ዋጋ የሚመነጭ ማለት ነው) በእንዲህ ዓይነት ቤት ይለፉ ያሉት ወደው አይደለም።

ግን ተረጋጉ። በመስከረም 2018 አንድ ኖርዌያዊ ነጋዴ በጀርመንና በኖርዲክ አገሮች የኤሌክትሪክ ዋጋ ልዩነት ላይ ተወራርዶ ተበላ። ያስያዘው አልበቃም፣ 114 ሚሊዮን ዩሮ ጎደለ። መሀለኛው ናስዳክ ክሊሪንግ 7 ሚሊዮን ከራሱ ከፈለ፣ የቀረው 107 ሚሊዮን ከሌሎቹ አባላት ቋት ወጣ። ምንም ያላጠፉ ሰዎች ከፈሉ ማለት ነው። አደጋው የትም አልሄደም፣ ከየሰዉ ኪስ ወጥቶ አንድ ቤት ተከማቸ እንጂ። መያዣውን አሳንሶ የገመተ መሀለኛ ደግሞ ዕዳውን ከካደ መቶ ነጋዴ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው እሱን ተማምኖ ተኝቷል።

ወደ እኛ ልመለስ። ምርት ገበያ በእኛ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ በቀጣዩ ዓመት ቡና ሲገባበት፣ ነገሩን ጠበቅ አድርጎ ነው የያዘው። ሻጩ ቡናውን መጋዘን አስገብቶ ደረጃ ያስወጣል፣ ገዢው ብሩን ቀድሞ ባንክ ያስገባል፣ ክፍያው በማግስቱ። ዱቤ ስለሌለ ማርጂን ማስላትም የለም። አባቴ ምርት ገበያን ሲረግም ነው የኖረው፣ ቡናዬን ከማንም ቡና ጋር ደባለቁት እያለ፣ እውነቱንም ነው። ስለ ክፍያው ግን አንድ ቀን ክፉ ሲናገር አልሰማሁትም።

በኋላ አቅራቢው ለላኪው በቀጥታ መሸጥ ተፈቀደለት። የቡናው ማንነት ተመለሰ፣ ጥሩ ነው፣ መሀለኛው ግን ወጣ። አሁን ንግዱን የያዘው ታላቅ ወንድሜ ነው። ባለፈው አንድ ላኪ ደውሎ ጫንልኝ፣ ሰኞ አስገባልሃለሁ ሲለው አባቴ ከጎን ሆኖ ሰማ። ስልኩን ከወንድሜ እጅ ተቀብሎ "ግማሹ ዛሬ ባንክ ካልገባ መኪናው ከጅማ አይወጣም" ብሎ ዘጋው። ብሩ ከሰዓት በኋላ ገባ።