አንድ ፓኬት፣ አንድ ሊትር
ዛሬ መድኃኒት ቤት ውስጥ አንዲት እናት ተቅማጥ ለያዘው ልጇ ኦ አር ኤስ (በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የስኳርና የጨው ዱቄት) ተሰጥቷት፣ «ሙሉውን በአንድ ብርጭቆ ብበጠብጠውስ?» ብላ ጠየቀች። ፋርማሲስቷ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ አንስታ እስከ አንገቱ በጣቷ አሳየቻት።

እባካችሁ፣ ልኩ በግምት አይሁን። የአንድ ሊትሩ ፓኬት 13.5 ግራም ግሉኮስና 2.6 ግራም ጨው አለው፤ ግሉኮሱ በጨው ውስጥ ያለውን ሶዲየም ይዞ በአንጀት ግድግዳ ሲያልፍ ውኃው ይከተላቸዋል። ከወፈረ ግን ውኃው ከሰውነት ወደ አንጀት ይሳባል፣ ተቅማጡም ይብሳል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ከክብደቱ ሦስት አራተኛው ገደማ ውኃ ነው፤ ሕፃናትን ድርቀት ቶሎ የሚጥላቸው አንድም ለዚህ ነው።

ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ፤ ጡትም አይቋረጥ። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉትና አዲስ በጥብጡ።