የዳማ በር፦ ከመጋቢት እስከ ሐምሌ

በኩሽናችን የብረት በር ላይ ለድመታችን ለዳማ መግቢያ ሠርቼ ጨርሻለሁ። የአንድ ቅዳሜ ሥራ ይመስለኝ ነበር፣ አራት ወር ፈጀ። ሁለት መዝጊያ ሠርቼ ጣልኩ፤ ሦስተኛው ሆነ። እግረ መንገዴን በደብተር የያዝኩትን ማስታወሻ ላካፍላችሁ። በተለይ የላሜራ በር ያላችሁ፣ እኔ ከደረስኩበት ብትጀምሩ ደስ ይለኛል።

ቤታችን ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ከጣና ብዙ አይርቅም። የኩሽናው በር ወደ ጓሮ ይከፈታል። ዳማ ሌሊቱን አይጥ ስታድን ታድርና ንጋት ላይ ትመለሳለች። ስለዚህ በሩን አንድ ስንዝር ገርበብ አድርገን፣ ድንጋይ አስደግፈን እንተኛ ነበር። በዚያች ስንዝር ግን ትንኝም ይገባል። መስኮቶቻችን ሁሉ ወንፊት አላቸው፤ በሩ ብቻ ነበር ክፍቱ። የወባ ትንኝ ደግሞ በአብዛኛው የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ ልክ በራችን ገርበብ በሚልበት ሰዓት። ባለፈው ኅዳር እማዬን ወባ አልጋ ላይ ጣላት። ስትድን የመጀመሪያ ንግግሯ ይኼ ነበር፦ «ወይ ውሮዋን ለሰው ስጪያት፣ ወይ በሩን ዝጊልኝ።» እማዬ የገጠር ልጅ ናት፣ ድመትን ውሮ ነው የምትለው።

ዳማን ለሰው መስጠት አልሆነልኝም። እሷ ከመጣች ወዲህ የጤፍ ማዳበሪያችን በአይጥ ተቀዶ አያውቅም።

ስለዚህ የሚያስፈልገኝ ግልጽ ነበር። መዝጊያው ለድመቷ ቀላል፣ ለትንኝ ጥብቅ መሆን አለበት። ችግሩ እነዚህ ሁለቱ አይዋደዱም። ቀለል ሲል ክፍተት ይተዋል። ጠበቅ ሲል ድመቷ መግፋቱን ትፈራለች። አራቱ ወር ያለቀው በዚህ መሃል ነው።

መጋቢት፦ ልኬት

ዳማን በሜትር ልለካት ስሞክር ሜትሩን መጫወቻ አደረገችው። ከዚያ ሌላ ዘዴ መጣልኝ። ትልቅ ካርቶን ወስጄ የጎን ስፋታቸው 14፣ 16 እና 18 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ቀዳዳዎች ቀደድኩ። ካርቶኑን በኮሪደሩ አቁሜ ከኋላው የቀረሶ ጭንቅላት አስቀመጥኩ። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚበልቱት ልጆች ጭንቅላቱን በነፃ ይሰጡኛል።

በ14ቱ ጭንቅላቷን አስገባች፣ ጢሟ ወደ ኋላ ሲታጠፍ ተመለሰች። በ16ቱ ሳትጨነቅ አለፈች። በ18ቱም አለፈች፤ ግን ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር የምዘጋው ጠርዝ ይበዛል። 16ቱን መረጥኩ። ቁመቱን 18 አደረግሁ።

ከፍታው ሌላ ጉዳይ ነው። ዳማ ስትቆም ከወለል እስከ ሆዷ 13 ሴንቲ ሜትር ነው። የቀዳዳው የታች ጠርዝ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ካለ ሳትዘል ትራመደዋለች። 12 ላይ ምልክት አደረግሁ። ልቆርጥ ስዘጋጅ ነው ወደ ጓሮ ወጥቼ ያየሁት፦ የጓሮው መሬት ከኩሽናው ወለል በ14 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ከውጭ ስትመጣ 26 ሴንቲ ሜትር ትጠብቃታለች ማለት ነው። ከበሩ ውጭ ግማሽ ብሎኬት አስተኝቼ ደረጃ ሠራሁላት። እባካችሁ በሩን ከሁለቱም በኩል ለኩ። ብዙ ቤት የውስጡና የውጩ ወለል እኩል አይደለም።

የቀዳዳው ቦታ ደግሞ የሌባም ነገር አለበት። መቀርቀሪያው ባለበት በኩል ብቆርጠው እጅ አስገብቶ መክፈት ይቻላል። ስለዚህ በማጠፊያው በኩል፣ ታች ጥግ አደረግሁት። ከመቁረጤ በፊት በሩን ከፍቼ፣ ቀዳዳው የሚመጣበት ቦታ ላይ ካርቶን ይዤ ወንድሜን እጁን በካርቶኑ አስገብቶ ወደ መቀርቀሪያው እንዲዘረጋ አደረግሁት። ከቤተሰባችን ረጅሙ እሱ ነው። ከሁለት ስንዝር በላይ ቀረው። ያኔ ነው ልቤ ያረፈው።

ሚያዝያ፦ መቁረጥ

ጎረቤታችን ብየዳ ቤት አላቸው። «አምጪው፣ በአምስት ደቂቃ ልቁረጥልሽ» አሉኝ። እኔ ግን ራሴ መቁረጥ ፈልጌ ነበር፤ ብረት ሥራ መማር ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም። ግራይንደራቸውን አዋሱኝ፤ አጠገቤ ቆመው አሳዩኝ። መነጽር ሳታደርጊ እንዳትነኪው፣ ሻርፕሽን አውልቂ፣ የጋዙን ሲሊንደር ከኩሽና አውጪ አሉኝ። የግራይንደር ፍንጣሪ እንዴት እንደሚበር ሳይ ለምን እንዳሉኝ ገባኝ።

በሩን ከማጠፊያው አንስተን ሁለት ብሎኬት ላይ አስተኛነው። መስመሩ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፌ በማርከር አሰመርኩ። ከዚያ አራቱን ጥግ በ8 ሚሊ ድሪል በሳሁ። ይኼን አትዝለሉት። ዲስኩ ክብ ስለሆነ ጥግ ላይ ሲደርስ መስመሩን አልፎ ይሄዳል፤ ቀዳዳው ማቆሚያ ይሆናል። ቀጭኑን 1 ሚሊ ዲስክ ተጠቀሙ። ሳይጫኑ በራሱ ክብደት ሲሄድ ቀጥ ያለ ይቆርጣል።

ሦስቱን ጎን ቆርጬ መብራት ሄደ። እስኪመሽ አልመጣም። ያለ ኩሽና በር ማደር ስለማይቻል በሩን መልሰን ሰቀልነው፣ ላዩ ላይ ካርቶን ለጠፍን። አራተኛውን ጎን በማግስቱ ጨረስኩ።

የተቆረጠ ላሜራ ጠርዙ ምላጭ ነው። መጀመሪያ በሞረድ፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። አንቲረስት ቀባሁት፤ በዚህ እርጥበት ባዶ ብረት ክረምቱን አይዘልቅም። በመጨረሻ የአትክልት ውሃ ማጠጫ ጎማ በርዝመቱ ሰንጥቄ ጠርዙን ዙሪያውን አለበስኩት። ቀዳዳው ትንሽ ጠበበ፣ 15 ተኩል በ17 ተኩል ሆነ። እጄን አስገብቼ ደጋግሜ አሸሁት። ምንም አልቧጨረኝም።

ሦስቱ መዝጊያዎች

የመጀመሪያው ራሱ የተቆረጠው ላሜራ ነበር። ጠርዙን ቀንሼ በሁለት ትንንሽ ማጠፊያ ሰቀልኩት። ባለሱቁ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው ወደ 250 ግራም መጣ። ለእኛ ምንም አይደለም፤ 3 ኪሎ ከ200 ለምትመዝን ድመት ግን ከባድ ነው። ዳማ አንድ ጊዜ ገፋችው። ተመልሶ ጭራዋ ላይ ወደቀ። ድምፁ እማዬን ከእንቅልፏ አነሳት። ዳማ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ወደ በሩ አልቀረበችም። እኔም እንደገና ድንጋይ አስደግፌ መተኛት ጀመርኩ። ያ ሳምንት ከባድ ነበር። እሷን የሚያስፈራ ነገር በገዛ እጄ መሥራቴ ከነከነኝ።

ሁለተኛው ከጎሚስታ የገዛሁት አሮጌ ከመነዳሪ፣ የጎማ ውስጠኛው ላስቲክ፣ ነው። ድምፅ የለውም፣ ጭራ አይጎዳም። ዳማ በሁለተኛው ቀን አለፈችበት። ተገላገልኩ አልኩ። ግን ከመነዳሪ ክብ ሆኖ የኖረ ጎማ ነው፤ ቀጥ ብትሉትም ወደ ለመደው ቅርፅ ይመለሳል። የከሰዓት ፀሐይ ሲመታው የታች ጫፉ ወደ ላይ ተጠቀለለ። ቀን ቀን ደግሞ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ምድር ይነፍሳል፣ በራችንም ወደ ሐይቁ ነው የሚያየው። ጎማው ቀኑን ሙሉ ይውለበለባል። አንድ ምሽት እማዬ ጠርታ በክፍተቱ ጣቷን ሰደደችና አሳየችኝ። አንዲት ቃል አልተናገረችም።

በዚያ ሰሞን ስለ ድመት በር ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር። እንግሊዝ አገር ኤክሰተር ካቴድራል ውስጥ፣ ከትልቁ ሰዓት ሥር ባለው በር ላይ ለድመት የተቆረጠ ክብ ቀዳዳ አለ። ዕድሜው ከ400 ዓመት ያልፋል። የሰዓቱ ማርሽ በእንስሳት ስብ ይቀባ ስለነበር አይጥ ይመጣል፣ ድመቷ ትጠብቃለች። በካቴድራሉ መዝገብ ላይ በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለድመቷ በየጊዜው የተከፈለ ገንዘብ ሳይቀር ተጽፏል። እኔን የገረመኝ ቀዳዳው ነው፦ መዝጊያ የለውም፣ ዝም ብሎ ክብ ቀዳዳ። ትንኝ ባያሳስበኝ የእኔም ሥራ እዚያው ላይ ባበቃ ነበር።

ሦስተኛው አክሪሊክ ነው። ማስታወቂያ የሚሠሩ ቤቶች ቁራጭ አይጠፋቸውም። 3 ሚሊ ውፍረት ያለው፣ እንደ መስታወት የሚያሳይ ቁራጭ ገዛሁ። 15 በ17 አስቆረጥኩ። 90 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከላሜራው ግማሽ እንኳ አይሞላም። የመጀመሪያውን ቁራጭ ስበሳ ሰነጠቅኩት። ለሁለተኛው ከሥር እንጨት አድርጌ፣ ፕላስተር ለጥፌ፣ ድሪሉን በዝግታ አዞርኩ። ላዩ ላይ ሁለት የላሜራ ቀለበት በብሎን አሠርኩ። ዘንጉ 3.2 ሚሊ የብየዳ ኤሌክትሮድ ነው፤ ሽፋኑን አራግፌ በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁት። ቀለል ብሎ ይወዛወዛል።

ከጎንና ከጎን ሁለት ሚሊ ተኩል ክፍተት ቀረ። አጎበር ቀዳዳው ከ2 ሚሊ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ክፍተት ትንኝ እንደልቧ ትገባለች። መፍትሔውን ያገኘሁት አሉሚኒየም ቤት ነው። ተንሸራታች መስኮት ጠርዝ ላይ የሚገባ ፀጉራም ማሸጊያ አለ፣ በሜትር ይሸጣል። ዙሪያውን ለጠፍኩት። መዝጊያው ሲያልፍ ፀጉሩ ይተኛል፣ ሲመለስ ይሞላል።

ነፋሱን የያዘልኝ የቁም ሳጥን ማግኔት ነው። ማግኔቱን ከታች ደፉ ላይ፣ አንዲት ሮንዴላ (መሃሏ የተበሳ ክብ ብረት) ደግሞ መዝጊያው ጫፍ ላይ አደረግሁ። መጀመሪያ በጣም ያዘ፤ ዳማ በግንባሯ ገፍታ አልከፈት አላት። ማግኔቱ ላይ ፕላስተር መደረብ ጀመርኩ። አንድ ድርብ በጨመርኩ ቁጥር በትንሿ ጣቴ ገፍቼ እሞክራለሁ። አራት ድርብ ላይ ነፋሱ አይከፍተውም፣ ትንሿ ጣቴ ግን ትከፍተዋለች። ያን ቀን ሁለቱ ነገሮች ታረቁ።

ግንቦትና ሰኔ፦ ማስለመድ

ሦስት ቀን መዝጊያውን ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ በክር አስሬ ተውኩት። ቀዳዳው ክፍት መሆኑን ትወቅ ብዬ ነው። ቀጥሎ ግማሹን አወረድኩ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ለቀቅኩትና የዓሣ ጭንቅላት ከወዲያ በኩል አስቀመጥኩ። በመስታወቱ ታየዋለች። ማየቷ ነው ከሁሉ የረዳት ብዬ አምናለሁ፤ ላሜራው ሲሆን ከኋላው ምን እንዳለ አታውቅም ነበር።

አንድ ጥፋት ተፈጠረ። ታናሽ ወንድሜ ሊረዳት ብሎ ይዞ በቀዳዳው ገፋት። ሳምንት ሙሉ ወደ ኋላ ተመለስን፣ ከክሩ እንደገና ጀመርኩ። ድመት ተገፍታ አትማርም። ከወዲያ ማዶ የምትፈልገው ነገር ካለ ራሷ ትመጣለች።

በመጀመሪያዎቹ የሰኔ ቀናት አንድ ምሽት ዝናቡ ድንገት ወረደ። እኔ ቡና እየቆላሁ ነበር። ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዳማ ርጥብ ሆና ኩሽና መሃል ቆማለች። ማንም አልከፈተላትም። እማዬን ጠራኋት፤ መጥታ መዝጊያውን በእግሯ ጣት ነካ አደረገችው፣ ሲመለስ አየችው። «በይ ድንጋዩን አውጪው» አለች።

ለመግባት በተማረች በሁለት ቀን መውጣቱንም ቻለች።

ሐምሌ

ዝናቡ ሲበረታ ብሎኬቱ ላይ የሚያርፈው ውሃ እየተፈናጠረ ገባ። ብሎኬቱን ወደ ጓሮ ያዘነበለ ሲሚንቶ ለሰንኩት። ከቀዳዳው በላይ ደግሞ 8 ሴንቲ ሜትር የሚወጣ የላሜራ ክዳን አበየድን። አሁን ደረቅ ነው።

አንድ ወፍራም ግራጫ ወንድ ድመት ሁለት ሌሊት ገብቶ የዳማን ምግብ በልቷል። በውጭ አገር ከድመቷ ቆዳ ሥር ያለውን ቺፕ አንብቦ ለእሷ ብቻ የሚከፍት በባትሪ የሚሠራ በር አለ። እዚህ ገበያ ላይ አላየሁም። ለጊዜው ማታ ሳህኑን እናነሳለን፤ የሚፈልገውን ሲያጣ መምጣቱን ተወ። እሱን ካየሁ በኋላ ግን ዳማን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከተብኳት። ከጓሮ የምትወጣ ድመት ያላችሁ ይኼን በር ከመክፈታችሁ በፊት አስከትቡ።

ፀጉራም ማሸጊያው በአንድ በኩል መሳሳት ጀምሯል። ወባው የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ ከዚያ በፊት እቀይረዋለሁ።

የብየዳ ቤቱ ባለቤት ሚስት አሁን ለእሳቸውም እንድሠራላቸው ጠይቀውኛል። የእሳቸው በር የእንጨት ነው፣ 4 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል። ቀዳዳው ዋሻ ስለሚሆን ውስጡን በላሜራ ማልበስ ይኖርብኛል። ድመታቸው 5 ኪሎ ያልፋል። ትናንት ካርቶኑን ይዤ ሄድኩ። 18ቱ ላይ ትከሻው ያዘው። ቅዳሜ 20 ቀድጄ፣ የቀረሶ ጭንቅላት ይዤ እመለሳለሁ።