የሌለ ስህተት ፍለጋ ሁለት ቀን

እንዴት ናችሁ? እጀምረዋለሁ ያልኳችሁን የጌልና ሻፕሊ አልጎሪዝም (ሁለት ወገኖችን በየምርጫቸው የሚያጣምር ዘዴ ነው) በፓይተን ጽፌ ጨረስኩ። ኮዱ 30 መስመር አይሞላም። ሁለት ቀን የፈጀብኝ የሌለ ስህተት ፍለጋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ወገን አለ፤ አንዱ ሌላውን በምርጫ ቅደም ተከተል ይደረድራል። ዴቪድ ጌልና ሎይድ ሻፕሊ በ1962 እ.ኤ.አ. መፍትሔውን ያሳዩት በኮሌጅ ቅበላና በጋብቻ ምሳሌ ነው። ለእኔ የገባኝ ግን በሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ሲላክ የልጅቷ ቤተሰብ ወዲያው እሺ አይልም፤ «ዘመድ አማክረን እንመልሳለን» ይላል። የተሻለ ከመጣ የፊተኛው ይሰናበትና ሽማግሌዎቹን ይዞ ወደ ሁለተኛ ምርጫው ይሄዳል። የሚላክ ሽማግሌ ሲያልቅ «እናስብበት» የተባለው ሁሉ «እሺ» ይሆናል። በቃ።

የሞከርኩት በሦስት ሐኪሞችና በሦስት ሆስፒታሎች ነው (ምርጫዎቹን ከራሴ ነው የፈጠርኳቸው)። ማርታ መጀመሪያ ጎንደር፣ ከዚያ ጅማ ትላለች። ሀና ጅማን ታስቀድምና ጎንደርን ታስከትላለች። ዮናስ ጎንደር፣ ካልሆነ ሐዋሳ። ጎንደር ደግሞ ሀናን፣ ቀጥሎ ማርታን፣ መጨረሻ ዮናስን ይፈልጋል። የጅማ ቀዳሚ ማርታ ናት፣ የሐዋሳ ዮናስ።

በወረቀት ስሠራው ማርታ ጎንደር፣ ሀና ጅማ ወጣ። ኮዱ ግን ማርታን ጅማ፣ ሀናን ጎንደር መደበልኝ። ማጣሪያ ጻፍኩ፦ ከደረሳቸው ይልቅ እርስ በርስ የሚፈላለጉ ሐኪምና ሆስፒታል ካሉ አውጣ አልኩት። በሁለቱም ድልድል አንድም አላገኘም! በየመስመሩ ፕሪንት እየሰገሰግኩ አመሸሁ።

ለካ ለፈንክሽኑ ዝርዝሮቹን ገልብጬ ነበር የሰጠሁት። በወረቀቱ ሽማግሌ የሚልኩት ሐኪሞቹ ናቸው፣ በኮዱ ሆስፒታሎቹ። ሁለቱም ድልድሎች የጸኑ ናቸው፣ ማለትም ድልድሉን ትተው እርስ በርስ የሚመራረጡ ሐኪምና ሆስፒታል የሉም፤ የሚጠቀመው ግን ጠያቂው ወገን ነው። ዮናስማ ከየትም ቢጀመር ሐዋሳ ነው፣ ምስኪን።

አሜሪካ የሄዱ ሐኪሞቻችን «ማች» የሚሉት፣ ሐኪሞችን ለስፔሻሊቲ ሥልጠና ወደ ሆስፒታል የሚመድበው አሠራርም በዚሁ አሳብ ነው የሚሠራው። የተጀመረው በ1952 ሲሆን ለረጅም ጊዜ ለሆስፒታሎቹ ያደላ ነበር። አልቪን ሮዝና ኤሊየት ፔራንሰን አሻሽለውት ከ1998 ጀምሮ ጠያቂዎቹ አመልካቾቹ ሆኑ። ሮዝ ከሻፕሊ ጋር በ2012 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልሟል። የገረመኝ ግን፣ በእውነተኛው ዳታ ሲፈትሹት ለውጡ የሚነካው ከሺህ አንድ ሐኪም ገደማ ብቻ ነበር። የእኔ ባለ ሦስት ሰው ምሳሌ ነገሩን አጋንኖት ነበር ማለት ነው።

አንድ ምክር፦ ማን ከማን እንደሚቀድም ለማወቅ በየጊዜው ሊስቱን አታስሱ። ደረጃውን አስቀድማችሁ ዲክሽነሪ (ስም ሲሰጡት ደረጃውን ወዲያው የሚመልስ የፓይተን መዝገብ) ውስጥ አስቀምጡት። በሺህ ሰው ስሞክረው ልዩነቱ በደንብ ታየኝ።

ቀጥሎ የያዝኩት ባልና ሚስት ሐኪሞች «አንድ ከተማ ካልሆነ» ሲሉ ያለውን ነው። እዚያ ላይ የጸና ድልድል ጭራሹኑ ላይኖር ይችላል። የሞከረ ካለ ኮዱን ያሳየኝ።