ለማስረጀት የተከፈለኝ ካቢኔ

ደብረ ማርቆስ ላይ ቀለም ቀቢ ነኝ ስል ሰው ሁሉ ግድግዳ ይመስለዋል። ግድግዳ እንጀራዬ ነው፤ የምወደው ግን እንጨት ነው። በተለይ የድሮ ዋንዛ።

ሥራውን የሰጠችኝ ልጅቷ ናት። ለፋሲካ ከአዲስ አበባ መጥታ የእናቷን የኪችን ካቢኔ ስታይ አላስቀምጥ አላት። በሮቹ ጥሩ አናጺ የሠራቸው ዋንዛ ናቸው፣ ማጠፊያቸው እንኳ አልላላም። ጭስና ዘይት ግን አጥቁሯቸዋል። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችኝ። ክሬም ቀለም፣ የማያብረቀርቅ፣ ጠርዝ ጠርዙ ተፍቆ እንጨቱ ብቅ ያለ። «ልክ እንዲህ፣ ያረጀ እንዲመስል ነው የምፈልገው ወንድሜ» አለችኝ። ቀብድ ሰጠችኝና አባይን ተሻግራ ሄደች።

ፎቶው ላይ ያለው ቾክ ፔይንት የሚባለው ነው፤ አኒ ስሎን የምትባል ብሪታኒያዊት በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጣችው። እኔ ግን ከጄሶና ከውሃ ቀለም ራሴ ነው የምበጠብጠው። ጄሶውን በውሃ ለብቻው፣ ጓጓላው እስኪጠፋ፣ ከዚያ ውሃ ቀለሙ ውስጥ። ቶሎ ስለሚይዝ ትንሽ በትንሽ ነው። ከላይ ለሚቀባው ሰም ደግሞ ጎጃም ተቀምጦ ሰም ከሩቅ የሚፈልግ ሰው ያሳዝነኛል። ጠጅ ቤት ሰፈፍ አለልህ። አቅልጠህ ታጠልለዋለህ፣ ከእሳቱ ካወረድከው በኋላ አኳራጅ፣ የቀለም ማቅጠኛውን፣ ትጨምርበታለህ። ካወረድከው በኋላ ያልኩት ለወግ አይደለም፤ ቅንድቡን ያጣ ሰው አውቃለሁ።

እጥበቱና ብርጭቆ ወረቀቱ ሰው የማያየው፣ የማይከፍልበትም ሥራ ነው። የኪችን ዘይት ካልለቀቀ ምንም ቀለም አይይዝም። ጭስ የጠጣ እንጨት ላይ በቀጥታ ውሃ ቀለም ከቀባህ ደግሞ ቢጫው እድፍ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የዘይት ፕራይመር፣ ከቀለሙ በታች የሚቀባው፣ ነው። ከፕራይመሩም በፊት እንዲፋቅ የምፈልገውን ጠርዝ ጧፍ አሸዋለሁ። ሰም የነካውን ቦታ ቀለም አይጨብጠውም፣ በኋላ ፈግፈግ ስታደርገው በቀላሉ ይነሳል።

እናትየው የደረሱብኝ ጧፉን ሳሽ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ምን እያደረክ ነው?»

«ጠርዙን እያዘጋጀሁ ነው እትዬ።»

«በጧፍ?»

«ቀለሙ እዚህ ጋ እንዳይዝ ነው።»

ዝም አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ቀለም ልትቀባ መጥተህ፣ ቀለም እንዳይዝ ታሻለህ?»

አስረዳሁ። ፎቶውን አሳየሁ። ልጅዎት እንዲህ ነው የመረጠችው አልኩ። እጅ የሚበዛበት ቦታ ነው የሚፋቀው፣ እርስዎ ሲከፍቱ የሚይዙትን ቦታ አይቼ ነው ምልክት ያደረኩት አልኳቸው። እዚህ ጋ ትንሽ ኮራሁ። ብዙ ቀቢ ያገኘውን ጠርዝ ሁሉ ፍቆ አይጥ የበላው ያስመስለዋል። እኔ የእጃቸውን መንገድ ተከትዬ ነው የሠራሁት።

እትዬ ፎቶውን አራቅ አድርገው አዩት። ከዚያ በሩን አዩት።

«ይሄን ያስረጀሁት እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ፈጅቶብኛል። አሁን አንተን ከፍላ አጥፋው አለችህ፣ ደግሞ መልሰህ ታስረጀዋለህ። እና እኔ ምን ስሠራ ኖርኩ?»

እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። ያን ጊዜ «ያምራል እትዬ፣ ያዩታል» ብዬ አለፍኩ። እሳቸውም «በል እሺ፣ ቡና ጠጣ» አሉኝ። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ስለ ካቢኔ አልተነሳም።

ሥራው አለቀ። እውነቱን ልናገር፣ አምሮ ነበር። ሰሙን ቀብቼ በጨርቅ ሳሸው ኪችኑ ማር ማር ሸተተ። እትዬ እንኳ «ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ሸተተኝ» ብለው ፈገግ አሉ። ለልጅቷ ፎቶ ላኩላት፣ ልብ መዓት ላከችልኝ፣ ቀሪውን ብር በስልክ አስገባችልኝ።

የተበላሸው በጎረቤት ቡና ላይ ነው። አንዷ መጥታ «ውይ እትዬ፣ ሳይጨርሰው ሄደ እንዴ?» ትላለች። ሌላዋ ቀለም አልቆበት ይሆናል ትላለች። ሦስተኛዋ የምታውቀው «የፊኒሺንግ ባለሙያ» አላት። ባለሙያው መጣ። ጠርዞቹን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ «ይሄ ልምድ ማነስ ነው» አለ አሉ። ይሄ ቃል እኔ ጋ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም፣ ደብረ ማርቆስ ነው። ከዚያ በሰሙ ላይ፣ ሳያጥብ፣ ሳይፍቅ፣ የሚያብረቀርቅ ዘይት ቀለም ለቀቀበት። በአንድ ድርብ። እንደ መስታወት ፊት ያሳያል አሉኝ። ሰም ላይ ዘይት ቀለም! አኳራጅ የነካ ጨርቅ እንኳ አላሳለፈበትም።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ስይዝ ከሚከፍለው ሰው በፊት ወጥ ከሚሠራው ሰው ጋር ነው የምነጋገረው። እላለሁ እንጂ፣ በቀደም አንድ ከውጭ የመጣ ልጅ ለአባቱ ቁም ሳጥን እንዲሁ ፎቶ አሳይቶኝ ቀብድ ተቀብያለሁ። አባትየውን ገና አላየኋቸውም።

ለገና ልጅቷ እንደገና መጣች። እስከዚያ የዘይት ቀለሙ መላጥ ጀምሯል። መጀመሪያ የተነሳው መያዣዎቹ ጋ ነው፣ ከዚያ ጠርዞቹ፣ ከዚያ የእትዬ ክንድ የሚያርፍበት የታችኛው መሳቢያ። ሲነሳ የእኔን ክሬምም፣ እንጨቱንም እያሳየ ነው። ይሄን የማውቀው እትዬ ራሳቸው ደውለው ስለነገሩኝ ነው።

«ልጅቷ ወደደችው» አሉኝ። «ከፎቶው በለጠ፣ ልክ እንደዚህ ነበር የፈለኩት አለች። ባሕር ዳር ያለች ጓደኛዋም አይታው ላሠራ ብላለች።»

«እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ» አልኩ። ስለ ዋጋ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

«እና የዚያን ልጅ ስልክ አጥቼው ነው። የኋለኛውን። አንተ ሥራ ባልደረባው ነህ፣ አይጠፋህም።»

ቁጥሩ ስልኬ ላይ አለ።

«አልሰማዎትም እትዬ፣ ኔትወርኩ እየቆራረጠ ነው» አልኳቸው።