ያስነሣኋቸው እናት

የቤተሰብ ምክር ሥልጠና ወስጄ የምስክር ወረቀቴን ከተቀበልሁ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ጎንደር አራዳ አካባቢ ወዳለው ቢሮአችን ባልና ሚስት ከባልየው እናት ጋር ከአዘዞ መጡ። ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን ዝርዝር እዚህ ለውጬዋለሁ። ሚስትየው በገዛ ቤቷ እንግዳ እንደሆነች ትናገራለች፤ ባልየው ዝም ይላል፤ እናትየው ስለ ሁለቱም ይመልሳሉ። እናትየው ሲገቡ «ኖር» ብለን ተነሥተን ነበር፤ እርሳቸውም «በእግዜር» ብለው በልጃቸውና በምራታቸው መካከል ካለው ወንበር ተቀመጡ።

በሥልጠናው በጣም የማረከኝ የሳልቫዶር ሚኑቺን ስልት ነበር። በአርጀንቲና ተወልዶ በአሜሪካ ፊላደልፊያ የሠራው ይህ ሐኪም፣ የቤተሰብ አባላትን ወንበር በማቀያየር ብቻ በባልና ሚስት ዙሪያ ሊኖር የሚገባውን ወሰን በዓይን እንዲታይ ያደርግ ነበር። እኔም ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ፣ «እማማ፣ እባክዎ በሩ አጠገብ ወዳለው ወንበር ይዛወሩልኝ፤ ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ይሁኑ» አልሁ።

ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ «ልጄ፣ የተጠራሁት ከልጄ አጠገብ ልታስነሺኝ ኖሯል?» አሉ። ይባስ ብሎ፣ ለእርሷ ብዬ ይህን ያደረግሁላት ምራታቸው ብድግ አለችና ክንዳቸውን ይዛ ይዛቸው ወጣች። ባልየውም አንገቱን ደፍቶ ተከተላቸው። በቀጣዩ ቀጠሮ አልመጡም።

በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አራት ባለሙያዎች፣ በሥራው ረጅም ዘመን ካሳለፉ አንድ አባት ጋር ለሱፐርቪዥን፣ ማለትም የሠራነውን አቅርበን ለመታረም፣ እንሰበሰባለን። የሚኑቺን ተማሪዎች ይሠለጥኑበት የነበረው ዓይነት፣ ሱፐርቫይዘሩ ከጀርባው ሆኖ የሚከታተልበት መስታወት የለንም፤ በምትኩ ባለጉዳዮቹ ሲፈቅዱ አንድ ባልደረባ ጥግ ይዞ ይጽፋል። በዚያ ሐሙስ ቴክኒኩ ለእኛ አገር እንደማይስማማ የሚያስረዳ ረጅም ክርክር አዘጋጅቼ ገባሁ። እርሳቸው ግን ክርክሬን ሳይሰሙ ማስታወሻውን አስመጡና፣ «እስቲ ለማን ስንት ጥያቄ እንደጠየቅሽ ቁጠሪልኝ» አሉኝ። ለሚስትየው አሥራ አንድ፣ ለባልየው አራት፤ ለእናትየው፣ ከወንበራቸው እስካስነሣኋቸው ድረስ፣ አንድም አልነበረም።

«እንግዲህ ሚኑቺንን አትክሰሺው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ እርሱ ራሱ ቤተሰብን ከመለወጥ በፊት መቀላቀልን፣ የእያንዳንዱን ሰው ቋንቋና ማዕረግ አክብሮ መግባትን ያስተማረ ሰው ነው። በእኛ የአምስት ቀን ሥልጠና ግን መቀላቀል ቀላል ስለሚመስል በግማሽ ቀን አልፏል፤ የቀረው ጊዜ ለፎቶ ለሚያምሩት ስልቶች ተሰጠ። ስሠራ ያየኝ ሰው ሳይኖር የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ ጤና መኮንኖችን በመስክ እያሠራ ባሠለጠነ ከተማ ይህ መሆኑ ይገርመኛል።

ቀጥሎ ያዘዙኝ ከሁሉ ከበደኝ፤ የራሴን ቤተሰብ ጄኖግራም ሥዬ እንድመጣ ነገሩኝ። ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር እየሰማ ላደገ ሰው የዘር ሐረግ መሣል እንግዳ ነገር አይደለም። ጄኖግራም ግን ማን ከማን እንደተወለደ ብቻ ሳይሆን በመካከላቸው ያለውንም ይጠይቃል፤ ወንድ በአራት ማዕዘን፣ ሴት በክብ ይሣልና ጠብ በተጣመመ መሥመር፣ መቆራረጥ በተበጠሰ መሥመር ይታያል። ሌላው የቤተሰብ ሕክምና ቀዳሚ፣ አሜሪካዊው ሐኪም ሙሬይ ቦወን እ.ኤ.አ. በ1967 በአንድ የሙያ ጉባኤ ፊት የራሱን ቤተሰብ ታሪክ ካቀረበ ወዲህ፣ በእርሱ መንገድ የሚሠለጥኑ ባለሙያዎች የገዛ ቤተሰባቸውን ማጥናት ግዴታቸው ሆኗል። እኔም በእናቴና አብራን በኖሩት በአባቴ እናት መካከል የተጣመመውን መሥመር ስሥል እጄ ከበደኝ፤ በልጅነቴ አያቴ እንዲነሡልኝ የተመኘሁት ከእናቴ ጎን ነበር።

ወደ ባልየው እናት ቤት ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ ወይስ ልተው በሚለው ላይ በቡድናችን ብዙ ተከራከርን። ቤታቸው ብሄድ በእንግድነት እስተናገድና ወገን ለይቼ እቀራለሁ የሚለው ሐሳብ አሸነፈ። ስለዚህ ስልክ ደወልሁ፤ በመጀመሪያም ለልጃቸው ሳይሆን ለእርሳቸው፣ ማጥፋቴን በግልጽ ተናግሬ እንዲመጡልኝ ለመንሁ። የመጡ ዕለትም እስከ ውጭው በር ወጥቼ ተቀበልኋቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የእርሳቸው ሆነ፤ «ልጅዎና ሚስቱ ሲኮራረፉ በቤቱ ቀድሞ የሚያውቀው ማን ነው?» አልኋቸው። «እኔ ነኛ። ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ አንዱ ብድግ ይላል» አሉ። ምራትየው ቀና ብላ አየቻቸው፤ ይህን እንደሚያስተውሉ አታውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስቱም እርስ በርስ ሲነጋገሩ እኔ ለረጅም ጊዜ ምንም መናገር አላስፈለገኝም።

በሦስተኛው ቀጠሮ ገና ከበሩ ላይ ሆነው ወንበሮቹን አዩና፣ «ዛሬስ ከየትኛው ልታስነሺኝ ነው?» ብለው ሳቁብኝ። ከዚያው ከመካከለኛው ወንበር ተቀመጡ።