የሐሙስ ባጃጅ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ጅማ መርካቶ አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ነሐሴ ከገባ ጀምሮ ሥራዬ ዩኒፎርም ብቻ ነው፤ ሌላው ወረፋ ይጠብቃል። የእድራችን ጸሐፊም ነኝ። ማንም ስላልፈለገው «የእሷ ጽሕፈት ያምራል» ብለው ጣሉብኝ። በእነዚህ በሁለቱ ሥራዎች መሀል ወላጅ የሌላቸው ልጆች እንዴት ትምህርት ቤት እንደሚቆዩ፣ እንዴትም እንደሚቀሩ በቅርብ ሳይ ኖሬያለሁ። ዛሬ ስለዚያ ልጻፍ።

መስከረም ላይ ሁሉም ሰው ደግ ነው። ማኅበሩም፣ መስጊዱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ውጭ አገር ያለው የጅማ ልጅም ደብተር ይገዛል። ልጆቹ ይሰለፋሉ፣ ቦርሳ ይታደላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ፌስቡክ ላይ ይወጣል። አልቃወምም። ዩኒፎርሙን የምሰፋው እኔ ነኝ፣ ከዚያው ነው የምበላው። የመንግሥት ትምህርት ቤት የትምህርት ክፍያ ባይጠይቅም ደብተርና ልብስ አሁን የሚቀመስ አልሆነም። ግን እኔ እስካየሁት ድረስ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚቀረው መስከረም ላይ አይደለም። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው።

ለምን እንደሆነ የእኛ አገር ሰው አይጠፋውም። ቡና ይደርሳል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀይ ቡና ይለቀማል፤ ማናም፣ አጋሮም፣ ሊሙም ሰው ይፈለጋል። የሚከፈለው በለቀሙት ልክ ነው፤ የልጅ እጅ ደግሞ ፈጣን ነው። እናትና አባት ያለው ልጅም ይሄዳል። ልዩነቱ፣ እሱ ሲመለስ «በቃ፣ ነገ ትምህርት ቤት ነህ» የሚለው ሰው አለው። አያት ቤት ያለው ልጅ ይዞ የገባው ብር ግን እዚያው ሌሊት የቤት ኪራይ ሆኖ ያድራል። በማግስቱ በምን አንደበት ነው «አትሂድ» የሚባለው?

ሐሙስ ደግሞ አለ። ሐሙስ የጅማ ገበያ ነው፤ ከየአቅጣጫው ያልመጣ የለም።

ከእድራችን አባላት አንዷ አስተማሪ ናት። አንድ ቀን የስም መጥሪያውን ይዛ ሱቄ መጣች። «እስቲ ይቺን እያት» አለችኝ። ሰኞ አለች፣ ማክሰኞ አለች፣ ሐሙስ የለችም። በቀጣዩም ሳምንት ሐሙስ የለችም። ከወር በላይ እንደዚያው ነው። ልጅቷን አውቃታለሁ፣ ቀሚሷን የሰፋሁት እኔ ነኝ። እድራችን ከሚረዳቸው ልጆች አንዷ ናት፤ ሰባተኛ ክፍል፣ ጎበዝ፣ እናትም አባትም የሌላት፣ ከታናሽ ወንድሟ ጋር መንደራ ቆጪ አያቷ ዘንድ የምትኖር። መስከረም ላይ ቦርሳም ደብተርም ተሰጥቷታል። በወረቀት ላይ «የተረዳች» ናት።

ቅዳሜ ከሰዓት አያቷ ቤት ሄድኩ። ጉልት ነው የሚቸረችሩት፤ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ሽንኩርት። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሐሙስ ሐሙስ ማዳበሪያውን ተሸክማ ገበያ የምታደርስላቸው ልጅቷ ናት። አድርሳ እንዳትመለስ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ክፍለ ጊዜዎች ያልፋሉ፤ ዘበኛው በሩን ይዘጋል። እዚያው ትውላለች።

«እማማ፣ ሸክሙን በባጃጅ ቢያስጭኑትስ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ባጃጁ ትርፌን ይዞብኝ ይሄዳል እኮ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ሐሙስ ጠዋት ባጃጅ ከነሸክም ኮንትራት ነው የሚጠይቀው።

እንግዲህ እዚህ ጋ ነው ነገሩ። ይቺን ልጅ ከትምህርት የሚያስቀራት የደብተር እጦት አይደለም፤ የአንድ ጠዋት ሸክም ነው። የትኛው የእርዳታ ፎርም ላይ ነው «ባጃጅ» የሚል መደብ ያለው? ደብተር አለ፣ ዩኒፎርም አለ፣ የጽሕፈት መሣሪያ አለ። ብዙ እርዳታ ሰጪ ደረሰኝ ይፈልጋል፤ ባለባጃጅ ደግሞ ደረሰኝ ቢሉት ይስቃል።

ስብሰባ ላይ ሳነሳው አንዳንዱ አጉረመረመ። «ለተማሪ ነው ያልነው፣ ለጉልት ነጋዴ አላልንም» ያለም ነበር። እድራችን ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለ፤ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ሀጂ ናቸው። ሀጂ ብዙ አይናገሩም። ነቢዩ የቲም፣ ወላጅ አጥ ልጅ ማለት ነው፣ የሚያሳድግ ሰው በጀነት ከእኔ ጋር እንዲህ ነው ብለው ሁለት ጣታቸውን እንዳሳዩ ነገሩንና የራሳቸውን ጣቶች ገጥመው አነሱ። ከዚያ በሌላው እጃቸው ኪሳቸው ገቡ። የመጀመሪያውን ወር የባጃጅ ሒሳብ እሳቸው ከፈሉ። አንዲት እናት ደግሞ ለመድኃኔ ዓለም የተሳልኩት አለ ብላ ጨመረች። ሁለቱም ከሰጡ በኋላ ያጉረመረመው ሰው ምን ይላል፣ ዝም አለ።

ልጅቷ ሐሙስ ሐሙስ ክፍል ገባች። በዚህ ብቻ።

ከዚያ ወዲህ አሰጣጡን ቀየርነው። የዓመቱን በአንዴ መስከረም ላይ መስጠት ትተን በየወሩ አደረግነው። የሚሰጠውም ለአሳዳጊው ነው። በአንድ ቤት ሦስት ልጆች ካሉ ለአንዱ ብቻ ደብተር ስትሰጥ ደብተሩ እዚያው ለሦስት ይከፈላል፤ ይህን እናት የሆነች ሁሉ ታውቀዋለች። ስለዚህ ለቤቱ ነው የምንሰጠው። ትልልቆቹ ሴቶች ልጆች ላላቸው ቤቶች የሞዴስ እንጨምራለን። ይህንን ወንዶቹ ፊት ማንሳት ቀላል አልነበረም፣ ግን በወር ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን የምትቀር ልጅ ከፈተና በፊት ስንት ትምህርት እንደሚያመልጣት አስተማሪዋ ቁጭ አድርጋ አሰላችላቸው።

ስለ ቦርሳውም አንድ ነገር ልበል። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ ቦርሳዋን ይዛ ሱቄ መጣች። አዲስ ነው፣ ምንም አልሆነም። ፊቱ ላይ የሰጪው ድርጅት አርማ በትልቁ ታትሟል። «እትዬ፣ ይቺ ላይ ኪስ ሥሪልኝ» አለችኝ። ኪስ ለምን እንዳስፈለጋት አልጠየቅኳትም። ክፍል ውስጥ «የእርዳታ ልጆች» ይሏቸዋል፣ ሰምቻለሁ። ከተራረፈ ሰማያዊ ጨርቅ አርማውን የሚሸፍን ኪስ ቆርጬ፣ ዚፕም ጨምሬ ሰፋሁላት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው። ከጎን ትንሽ ጽሑፍ ብቅ ብሎ ነበር፤ በጣቷ አሳየችኝ። እሱንም ሸፈንኩት። የምትሰጡ ሰዎች፣ በእናታችሁ፣ ስማችሁን ደረሰኛችሁ ላይ ጻፉት።

የወረቀቱ ጣጣ ለብቻው ነው። በልጁ ስም የባንክ ሒሳብ እንክፈት ስንል አሳዳጊው የሞግዚትነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ያምጣ ተባልን። ለዚያ የወላጆቹ የሞት ማስረጃ ይፈለጋል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው 2008 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል ነው። ከዚያ በፊት ገጠር የሞተ አባት ምን ማስረጃ ይኖረዋል? ቀባሪው ሕዝብ ነው ማስረጃው። ምስክር ይቆጠራል፣ የቀበሌ ደብዳቤ ይጻፋል፣ አያት በዚያ ጉልበታቸው ይመላለሳሉ፣ እነዚያን ቀናት ጉልቱ ይዘጋል። አሁን እድሩ አንድ ሰው አብሯቸው ይልካል። ይሄም እርዳታ ነው፣ ፎቶ አይነሳም እንጂ።

በ2010 ዓ.ም. ልጆች በማደጎ ወደ ውጭ እንዳይሄዱ ተከልክሏል። ትክክል ነው አይደለም የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም። እኔ የማየው፣ ልጆቹ እዚሁ አያትና አክስት ዘንድ እንዳሉ ነው። እነዚህ አያቶች ቢወድቁ ልጆቹን የሚቀበል ቤት የለም። ልጁን ለማስተማር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የአያትየዋን ጉልበት ይጠይቅ።

አሁን የያዝነው ጭቅጭቅ ሌላ ነው። ደንባችን «ድጋፉ 18 ዓመት እስኪሞላ» ይላል። ወላጅ አጥ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚጀምረው፣ መሀል ላይም ያቋርጣል። 18 ሲሞላው ገና አሥረኛ ወይም አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። ልክ ሊደርስ ሲል እጁን እንለቀዋለን። የ12ኛ ክፍል ፈተና ራሱ ወጪ አለው፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙው ተፈታኝ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ፣ እዚያው አድሮ ነው የሚፈተነው። ብርድ ልብሱ፣ ሳሙናው፣ የመንገዱ ከየት ይመጣል? ካለፈ በኋላ ይሻላል፣ የዩኒቨርሲቲውን ወጪ መጋራት ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው የሚከፍለው።

ደንቡ «12ኛ ክፍልን እስኪጨርስ» ይበል ነው የምለው። ሊቀመንበራችን ገንዘቡ አይበቃም ይላሉ። መዝገቡ እኔ ጋ ነው፣ አስልቼዋለሁ። ዘንድሮ አዲስ ድንኳን ካልገዛን ይበቃል። ሊቀመንበሩ ደግሞ ድንኳኑ አርጅቷል፣ በለቅሶ ቤት ያሳፍረናል ባይ ናቸው። ዝናብ አያስገባም፤ በተቀደደ ቁጥር የምሰፋው እኔ ነኝና አውቀዋለሁ። ሌላ ሁለት ክረምት ይችላል። የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ እንግዲህ መጣላታችን ነው።